የሚንገዳገደው ማን ነው?

ስለ ቃላት ከአንባቢያን ለሚቀርቡ ጥያቄዎች መልስ በምንሰጥበት በዚህ ዓምድ፣ ለዛሬው ዕትም አራት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ነገር ግን አራቱም «መንገዳገድ» ስለሚለው ቃል ስለ ጠየቁ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ላይ ማየቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ አለችኝ። ሰሞኑን መራመድ ስለ ጀመረች ለወንድሜ በጻፍኩት ደብዳቤ ላይ «ልጄ እየተንገዳገደች መሄድ ጀመረች» ብዬ ነበር። ደብዳቤውን ያነበቡት እናቴ ግን አልወደዱትም። «የሚንገዳገድ ሰካራም ነው፤ ልጅ ድክ ድክ ይላል እንጂ አይንገዳገድም፤ በልጅሽ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አታውጪ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቃሉ አካሄዱን ይገልጻል እንጂ የአካሄዱን ምክንያት የሚናገር አይመስለኝም። ከእሳቸውና ከእኔ እውነቱ ከማን ጋር ነው? (የአንዲት ልጅ እናት)

መልስ፦ ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት ሁለታችሁም ሳትጠይቁ የተቀበላችሁትን አንድ ነገር እንመርምር። እርስዎም እናትዎም «መንገዳገድ» የአካሄድ ስም ነው ብላችሁ ተነሥታችኋል፤ የተለያያችሁት የማን አካሄድ ነው በሚለው ላይ ብቻ ነው። ይሁንና ቃሉ መሄድን የግድ አይልም። በአውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚጓዝ ሰው ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚሆነውን ያስታውሱ። ሰውየው አንድ እርምጃ አልተራመደም፣ ለመራመድም አላሰበም፤ ነገር ግን ደረቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ተረከዙ ከወለሉ ይነሣል፣ እጁ የሚይዘውን ብረት ፍለጋ ይወረወራል፣ ብረቱን ጨብጦ ተረፍኩ ሲል ደግሞ ሰውነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የጎረቤቱን ትከሻ ይገፋል። ይህን ያየ ሁሉ «ተንገዳገደ» ይላል። አናቱ የከበደ መደርደሪያም ሲገፉት ይንገዳገዳል፤ መደርደሪያ ግን የትም ሲሄድ ታይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ቃሉ የያዘው ቁም ነገር ሚዛን ነው። ቆሞ የነበረ አካል ሚዛኑ ሲጎድል ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ እንዳይወድቅ ሲመለስ ልኩን አልፎ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል፤ ከዚያም እንደገና ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ዘመም ብሎ የተመለሰን ሰው «ዘመም አለ» ወይም «ዘንበል አለ» እንላለን እንጂ «ተንገዳገደ» ማለት ይበዛበታል። መደጋገሙ በቃሉ ውስጥ ተሠርቶ ገብቷል፤ ድምፁን ቢያዳምጡት ገና «ገዳ» ብሎ ሳይጨርስ «ገደ» ብሎ ይመለሳል። ተንቀጠቀጠ፣ ተብረከረከ፣ ተርገበገበ የሚሉትም ግሶች እንደዚሁ ፊደል የሚደግሙት እንቅስቃሴው ራሱ የሚደገም በመሆኑ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የሚንገዳገድ ሰው ገና አልወደቀም። «ተንገዳግዶ ወደቀ» ስንል ወደቀ የሚለውን መጨመር ያስፈለገን በ«ተንገዳገደ» ውስጥ መውደቅ ስለሌለ ነው፤ «ተንገዳግዶ ቆመ» ማለትም እኩል ይቻላል።

በዚህ መለኪያ ካየነው የልጅዎ አረማመድ መንገዳገድ መባሉ በትርጉም ረገድ ስሕተት የለበትም። አዲስ ተራማጅ ልጅን ልብ ብሎ ያየ ሰው እግሮቿን አራርቃ እንደምትቆም፣ እጆቿን እስከ ትከሻዋ አንሥታ እንደምትይዝ፣ እርምጃዋ አጭርና አንዱ ከሌላው ጋር የማይመጣጠን እንደ ሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቆም ከመራመድ ይልቅ እንደሚከብዳት ያያል። እግርን ማራራቅና እጅን መዘርጋት ሚዛን መጠበቂያ ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት በ12 ወር አካባቢ ሲሆን፣ እስከ 18 ወር የሚዘገዩም አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሁሉም እንዲህ ናቸው።

ሆኖም ቃል በትርጉሙ ብቻ አይኖርም። «መንገዳገድ» ለረጅም ጊዜ አብሮት የዋለው ከመጠጥ፣ ከድካምና ከበሽታ ጋር ነው፤ «እየተንገዳገደ ገባ» የሚለውን ብቻውን የሰማ ሰው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሰውየው ጠጥቷል ብሎ ያስባል። እናትዎ የተቆጡት ለዚህ ሽታው ነው፤ አፍንጫቸውም አልተሳሳተም። በአንጻሩ «ድክ ድክ ማለት» ለሕፃን የተለየ ነው፤ አረማመዱን ብቻ ሳይሆን የሚያየውን ሰው ደስታ ጭምር ይዟል። ትልቅ ሰው ድክ ድክ አለ ቢባል ወይ ቀልድ ነው፣ ወይ ከረጅም ሕመም በኋላ እንደ ልጅ መራመድ የጀመረ ሰው ነገር ነው። ስለዚህ በደብዳቤዎ ላይ «ድክ ድክ ማለት ጀመረች» ቢሉ እናትዎም ደስ ይላቸዋል፣ ወንድምዎም ይበልጥ ያያታል። ከዚያ ቀጥለው «መሐል ክፍሉ ላይ ስትደርስ ተንገዳገደችና የወንበሩን እግር ያዘች» ቢሉ ግን የሚከለክልዎ የለም፤ በዚህ ዐረፍተ ነገር ቃሉ የተነገረው ለዚያች ቅጽበት እንጂ ለልጅቷ ጠባይ አይደለም።

ጥያቄውን ካነሡት ዘንድ ለጎረቤቶቹ ቃላትም ቦታ እንስጥ፤ ብዙ ሰው ያለ ልዩነት ሲለዋውጣቸው እናያለንና። «ማነከስ» ሥርዓት ያለው ነው፤ የሚያነክስ ሰው በአንድ እግሩ በኩል በየእርምጃው ዝቅ ይላል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል፣ ዕድሜውን ሙሉ ቢያነክስም ላይወድቅ ይችላል። «መደናቀፍ» ከእግር በታች የሚያሰናክል ነገር ይፈልጋል፤ ድንጋይ፣ ደፍ፣ ገመድ። መደናቀፍ ለመንገዳገድ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ደፉ ያደናቅፈውና ሦስት እርምጃ ተንገዳግዶ ይቆማል። «መብረክረክ» የጉልበት ነው፤ ፍርሃትም ድካምም ያመጣዋል፣ ተቀምጦም ሊሰማ ይችላል። «መንጋደድ» ዘምሞ መቅረት ነው፤ የተንጋደደ ምሰሶ አይንቀሳቀስም፣ የሚንገዳገደው ግን ገና አልረጋም። «መፍገምገም» ለመንገዳገድ ከሁሉ ይቀርባል፤ ነገር ግን «ፍግም ብሎ ወደቀ» ከሚለው እንደምንረዳው ወደ ፊት፣ ወደ አፍጢም ያዘነብላል፣ ለመውደቅም ይበልጥ የቀረበ ነው። ሰካራሙ በር ላይ ይንገዳገዳል፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ ይፍገመገማል።

አንድ ነገር እንጨምር። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን «ይንገዳገዳሉ» ማለት፣ አንቱታው ቢኖርበትም፣ ጆሮ ላይ ደስ አይልም። «እግራቸው ደክሟል»፣ «ጉልበታቸው ይከዳቸዋል»፣ «አረማመዳቸው አልጸና ብሏል» የሚሉት እውነቱን ሳይሸሽጉ ክብሩን ይጠብቃሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ በነርቭ ወይም በጡንቻ ችግር ምክንያት አረማመዱ የተለየ ሰውንም በዚህ ግስ መጥራት አይገባም፤ ሰውየው የሚሄድበት መደበኛ አካሄዱ ነውና፣ ትርጉሙም በትክክል አይገጥመውም።

ጥያቄ፦ አንድ ወዳጄ «መንገዳገድ» የወጣው «መንገድ» ከሚለው ቃል ነው፣ ፍቺውም «መንገድ መሳት» ማለት ነው ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። ለማረጋገጥ አንድ የቆየ መዝገበ ቃላት ብከፍት በ«መ»ም በ«ተ»ም ላገኘው አልቻልኩም። ወዳጄ ልክ ነው? ቃሉንስ የት ልፈልገው? (የቋንቋ ተማሪ)

መልስ፦ ወዳጅዎ የሰጠው ማብራሪያ ያምራል፣ ግን ልክ አይደለም። ሁለቱን ቃላት ያመሳሰላቸው መጀመሪያቸው ብቻ ነው። «መንገድ» በግእዝ ተጓዘ፣ ሄደ፣ ነገደ የሚል ትርጉም ካለው «ነገደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ንግድና ነጋዴም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። «መ» የቦታ ምልክት ነው፤ ከቀደሰ መቅደስ፣ ከነበረ መንበር እንደሚወጣ ሁሉ ከነገደ መንገድ ወጣ። በዚህ ቃል «ን» ከግሱ ሥር የሆነ፣ ሊነቀል የማይችል ፊደል ነው። «መንገዳገድ» ግን «ተንገዳገደ» የሚለው ግስ ንኡስ አንቀጽ፣ ማለትም የድርጊቱ መጠሪያ ነው፤ እዚህ «ን» ከፊት የተጨመረ እንጂ የሥሩ አባል አይደለም፣ ሥሩ ያለው «ገ» እና «ደ» ላይ ነው።

ይህን በዐይን የሚያሳይ ጥንድ ቃል እንስጥዎ። «መንበር» እና «መንበርከክ»ን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። መንበር ከነበረ ነው፤ መንበርከክ ግን በግእዝ ጉልበት ማለት ከሆነው «ብርክ» ጋር የሚዛመድ፣ ከወንበርም ከመቀመጥም ጋር ዝምድና የሌለው ነው። የሚንበረከክ ሰው መንበር እንዳልፈለገ ሁሉ የሚንገዳገድም ሰው መንገድ ላይ መሆን አይጠበቅበትም።

«ተንገዳገደ» ከአንድ ትልቅ የግስ ቤተሰብ ነው። ተንቀሳቀሰ፣ ተንከባለለ፣ ተንጠለጠለ፣ ተንከራተተ፣ ተንሾካሾከ ሁሉም እንደ እሱ «ተን» ይዘው ይነሣሉ፤ «ተን»ን ብታስቀሩ የሚቀረው ብቻውን አይነገርም። «ገዳገደ» የሚል ግስ የለም። በ«ተን» ፋንታ «አን» ሲገባ ደግሞ ድርጊቱን በሌላ ላይ የሚያደርስ ግስ ይሆናል፤ ተንከባለለ፣ አንከባለለ፤ ተንገዳገደ፣ አንገዳገደ። «ነፋሱ ዛፉን አንገዳገደው» እንላለን። በዚህ ጥንድ ላይ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት አንድ ፊደል አለ። የመጀመሪያው «ይንገዳገዳል» ሲሆን ሁለተኛው «ያንገዳግዳል» ነው፤ ሁለተኛው «ገ» ወደ «ግ» ይለወጣል፣ ይንቀሳቀሳል ብለን ያንቀሳቅሳል እንደምንለው ማለት ነው። «ያንገዳገዳል» ብሎ የጻፈ ተሳስቷል። «ተንገዳገደ» ሲነበብ ሁለተኛው «ገ» እንደሚጠብቅም ፊደላችን አያሳይም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚያውቀው። በቅርብ ሆና ለምትሰማ ሴት ሲነገር «ደ» ወደ «ጀ» ዘር ይሄዳል፤ «አትንገዳገጂ»፣ ባለቤቱም «ተንገዳጋጅ»።

መዝገበ ቃላቱን በተመለከተ፣ የቆዩት ሥራዎች ቃላትን የሚያሰፍሩት በሥር ፊደላቸው እንጂ በተጨመረባቸው መነሻ ፊደል አይደለም። ከዚህም በላይ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ሆነ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት የተደረደሩት በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ነው፤ በዚያ ተራ «ገ» ሦስተኛ ፊደል ነው። ስለዚህ «መ»ንም «ተ»ንም «ን»ንም አራግፈው ከ«ገ» ይጀምሩ። በአዳዲሶቹ መዝገበ ቃላት በ«ሀለሐመ» ተራ ይፈልጉ፤ አዘጋጆቹ በሥር ወይስ በሙሉ ቃል እንደ ደረደሩ ግን መግቢያውን ማንበብ ጊዜ ይቆጥባል። መግቢያ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ እኛም ያነበብነው ከብዙ ልፋት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በጤና ተቋም ውስጥ በነርስነት አገለግላለሁ። ታካሚዎች «ያዞረኛል»፣ «ያንገዳግደኛል»፣ «ጭው ይልብኛል»፣ «እግሬ ይከዳኛል» ይሉኛል። ለረጅም ጊዜ ሁሉንም «ማዞር» ብዬ ስመዘግብ ቆይቻለሁ። አንድ ሐኪም ግን ሰውየው ያለውን ቃል እንዳለ እንድጽፍ ነገረኝ። በእውነት ልዩነት አላቸው ወይስ የአነጋገር ብቻ ነው?

መልስ፦ ሐኪሙ ልክ ነው፤ ታካሚዎቹም ብዙ ጊዜ ቃላቸውን የሚመርጡት በጥንቃቄ ነው። «ያዞረኛል» የሚለው ሰው የሚናገረው ስለ ዓለም ነው፤ ጣራው፣ ግድግዳው፣ አልጋው ይዞርበታል፤ ተኝቶ ዐይኑን ጨፍኖ ሳለም ሊሰማው ይችላል። «ያንገዳግደኛል» የሚለው ግን ስለ ገላው ነው፤ ራሱ ጸጥ ብሎ ሳለ እግሩ መሬቱን አላምን ይለዋል። ለዚህ ሰው ስሜቱ የሚመጣው ሲቆምና ሲራመድ ነው፤ ተኝቶ የሚንገዳገድ ሰው የለም። «ጭው አለብኝ» ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ጆሮው የሚጮኽበት፣ ዐይኑ የሚጨልምበት፣ ራሱን ሊስት የተቃረበ ሰው ቃል ነው። «እግሬ ይከዳኛል» የሚለው ስለ ጉልበት መላላት ይናገራል፤ ሚዛኑ ሳይጎድል ጉልበቱ እምቢ ያለው ሰው ነው። አንዳንዱ ሁለቱን አቀላቅሎ «ያዞረኝና ያንገዳግደኛል» ይላል፤ ያን ጊዜ የቱ እንደሚቀድም መጠየቅ ነው። «ተኝተው ሳለም ይሰማዎታል?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ታጠራለች።

ልዩነቱ ባዶ አለመሆኑን የሰውነት አሠራር ያሳያል። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ወገን በሚመጣለት ወሬ ነው፤ ከዐይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ የሚዛን አካላት፣ እንዲሁም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ። ይህን ሁሉ አቀናብሮ እርምጃን የሚያስተካክለው በአንጎል የታችኛው የኋላ ክፍል ያለው ትንሹ አንጎል ነው። መጠጥ ሰውን የሚያንገዳግደው በዋነኛነት የዚህን ክፍል ሥራ ስለሚያውክ ነው፤ የጠጣ ሰው አካሄድ ሰፊና የተዘበራረቀ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ትንሹ አንጎል በሕመም የተጎዳ ሰውም ጠብታ ሳይቀምስ እንዲያው ይራመዳል። በዚህ ምክንያት ያለ አግባብ ሰካራም የሚባሉ ሕሙማን አሉ። ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ወሬ የተቋረጠበት ሰው ደግሞ በብርሃን ደኅና ይሄድና በጨለማ ይንገዳገዳል፤ እግሩን ገጥሞ ዐይኑን ሲጨፍን ሰውነቱ የሚወዛወዘው እሱን ሲደግፈው የነበረው ዐይኑ ስለ ነበረ ነው። በድንገት የጀመረ መንገዳገድ ከአፍ መጣመም፣ ከአንድ ወገን መዛል ወይም ከአንደበት መያዝ ጋር ከመጣ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም፤ ይህን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

የሰዋስው ነገርም አለበት። «ያንገዳግደኛል» ሲል ታካሚው አድራጊውን አይጠራም። ያመኛል፣ ይርበኛል፣ ይበርደኛል እንደምንለው፣ የሚያንገዳግደው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሰውየው የሚደረግበት ብቻ ሆኖ ይቀርባል። «እንገዳገዳለሁ» ቢል ኖሮ ራሱ አድራጊ ይሆን ነበር፤ ሰዎች ይህን ስለ ራሳቸው ሲሉ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ታካሚው ይንገዳገዳል» ብለው ከጻፉ ያ እርስዎ በዐይንዎ ያዩት ነው፤ «ያንገዳግደኛል ይላሉ» ካሉ እሳቸው የተሰማቸው ነው። ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ቀጥ ብሎ እየሄደ «ያንገዳግደኛል» የሚል አለ፣ ግድግዳ እየተደገፈ «ደኅና ነኝ» የሚልም አለ።

ጥያቄ፦ በአንድ የዜና ክፍል ርእስ አራሚ ነኝ። «ዋጋው ተንገዳገደ»፣ «ድርድሩ ተንገዳገደ»፣ «ሳይንገዳገድ መለሰ» የሚሉ ርእሶች በየቀኑ ይመጡብኛል። የትኛውን ልለፍ?

መልስ፦ ነገሩ ቆሞ ነበር ወይ፣ ሊወድቅስ ይችላል ወይ ብለው ይጠይቁ። መንግሥት፣ ኩባንያ፣ ጥምረት፣ ትዳር ይቆማሉ፣ ይወድቃሉም፤ ስለዚህ ይንገዳገዳሉ። ዋጋ ግን ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፤ ለእሱ «ዋዠቀ» የሚል ልኩን የያዘ ቃል አለለት። ድርድሩ በአንድ በሚታወቅ እንቅፋት ምክንያት ከቆመ «ተደናቀፈ» ይበሉት፤ እንቅፋቱ ሳይታወቅ ሊፈርስ ከተቃረበ «ተንገዳገደ» ይለፍ። መልስ ለሰጠው ሰው «ሳያወላውል» ወይም «ሳያመነታ» ይሻላል፤ «ሳይንገዳገድ መለሰ» ያነበበ ሰው ተናጋሪው ጠጥቶ ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጊዜውንም ይመልከቱ። «ተንገዳገደ» የአጭር ጊዜ ግስ ነው፤ የሚንገዳገድ ነገር ወይ ይወድቃል ወይ ይቆማል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየርእሱ «እየተንገዳገደ ነው» የተባለ ድርጅት እስከ ዛሬ ሠራተኞቹን ደመወዝ እየከፈለ ከቆየ፣ ለእሱ የሚስማማው ግስ «እያነከሰ ነው» የሚለው ነው።